ጀስቲን ብራውንሊ፦ በውጭ ተጫዋችነት መጥቶ ፊሊፒናዊ ስለሆነው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለጥቂት ወራት ውል ማኒላ የገባ አሜሪካዊ ከስድስት ዓመት በኋላ በአገሪቱ ምክር ቤት ድምፅ ፊሊፒናዊ ዜጋ ሆነ። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ስለ እርሱ የስፖርት ሕይወትና ይህን ስላስቻለው ሕግ በብዛት የሚነሡ ናቸው። የኢትዮጵያን ሕግ ከሚመለከተው አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጀስቲን ብራውንሊ ማን ነው?

ብራውንሊ ኤፕሪል 23 ቀን 1988 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ቲፍተን በምትባል ከተማ ተወለደ። በፍሎሪዳ ቺፖላ ኮሌጅ ከተጫወተ በኋላ ወደ ኒው ዮርኩ ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የመጨረሻዎቹን ሁለት የኮሌጅ ዓመታት እዚያ አሳለፈ። በ2011 የኤንቢኤ ክለቦች ከኮሌጅ የወጡ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ስሙ አልተጠራም፤ ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ በኤንቢኤ ሥር ባለው የተጫዋቾች ማሳደጊያ ሊግ እየተጫወተ ዕድሉን ሲጠብቅ ቆየ። በአጥቂነት የሚሰለፍ፣ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ከርቀትም ከቅርብም የሚያስቆጥር ተጫዋች ነው። አሠልጣኞች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱለት ግን ኳስ ማካፈሉን ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ነጥብ ለማስቆጠር በመሆኑ ይህ ጠባዩ ከብዙዎቹ ለይቶታል።

የፊሊፒንስ ሊግ የውጭ ተጫዋችን የሚያስተናግደው እንዴት ነው?

በ1975 የተቋቋመው የፊሊፒንስ ቅርጫት ኳስ ማኅበር፣ በምህጻሩ ፒቢኤ፣ በእስያ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ ነው። ቡድኖቹ የከተማ ሳይሆኑ የኩባንያ ናቸው፤ ብራውንሊ የሚጫወትበት ባራንጋይ ሂኔብራ በቢራው የሚታወቀው የሳን ሚጌል ኮርፖሬሽን ንብረት ሲሆን፣ ሜራልኮ የኤሌክትሪክ አከፋፋዩ፣ ቲኤንቲ ደግሞ የስልክ ኩባንያው ቡድን ነው። የውድድር ዘመኑ በተለምዶ ሦስት ዋንጫዎች አሉት። በፊሊፒን ካፕ የውጭ ተጫዋች ጨርሶ አይፈቀድም። በኮሚሽነርስ ካፕና በገቨርነርስ ካፕ ግን እያንዳንዱ ቡድን አንድ የውጭ ተጫዋች ያሰልፋል፤ የዚህም ተጫዋች ቁመት እንደ ዋንጫው በሚለያይ ጣሪያ የተወሰነ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ቁመቱ በይፋ ይለካል።

ሥራው የወቅት ሥራ ነው። ተጫዋቹ ለአንድ ዋንጫ ይቀጠራል፤ በጥቂት ጨዋታዎች ካልጣመ ወይም ከተጎዳ በሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ተተክቶበት ወደ አገሩ ይመለሳል። ደጋፊው ጥሩ ሲጫወት ያነግሠዋል፣ ሲደክም ስሙን ይረሳዋል። በአንድ ቡድን ውስጥ ዓመታትን የሚያስቆጥር የውጭ ተጫዋች ጥቂት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብራውንሊ ወደ ማኒላ የሄደው እንዴት ነበር?

በተተኪነት ነበር። በ2016 የገቨርነርስ ካፕ ሂኔብራ ያስመጣው ፖል ሃሪስ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ሲሆን፣ እርሱ ገና በውድድሩ መጀመሪያ አውራ ጣቱን ስለተጎዳ ቡድኑ በችኮላ ምትክ ፈልጎ ብራውንሊን አገኘ። በወቅቱ ስሙን የሚያውቅ ደጋፊ እምብዛም አልነበረም።

ሂኔብራ በአገሪቱ ከሁሉ የበለጠ ደጋፊ ያለው ቡድን ነው፤ ደጋፊዎቹ ቡድናቸው እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ እጅ እንደማይሰጥ የሚናገር የቆየ መፈክር አላቸው። ይህ ሁሉ ፍቅር እያለ ግን ቡድኑ ከ2008 ወዲህ ዋንጫ አላነሣም ነበር። ኦክቶበር 19 ቀን 2016 ከሜራልኮ ጋር በተደረገው የፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ውጤቱ እኩል ሆኖ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ብራውንሊ የሜራልኮውን አለን ደርሃምን ፊት ለፊቱ አቁሞ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ የወረወራት ኳስ ከደወሉ ጋር ገባች። ሂኔብራ 91 ለ 88 አሸንፎ የስምንት ዓመት ጥማቱን ቆረጠ። የተተኪው ሰው ስም ከዚያች ቅጽበት በኋላ የቤት ስም ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሊጉ ምን ያህል ዋንጫ አግኝቷል?

ከሂኔብራ ጋር ስድስት። እነርሱም የ2016፣ የ2017፣ የ2019 እና የ2021 የገቨርነርስ ካፕ፣ እንዲሁም የ2018 እና የ2022–23 የኮሚሽነርስ ካፕ ናቸው። ከስድስቱ በአራቱ የተሸነፈው ሜራልኮ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ደጋፊዎች ለብራውንሊ ያላቸው ስሜት ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። የዋንጫው ምርጥ የውጭ ተጫዋች ተብሎም ሦስት ጊዜ ተሸልሟል። በ2018 ደግሞ አላብ ፒሊፒናስ በሚባል ቡድን የደቡብ ምሥራቅ እስያን ክለቦች የሚያገናኘውን ሊግ አሸንፏል።

በእነዚህ ዓመታት አሠልጣኙ ቲም ኮን ነበሩ። ኮን በትውልድ አሜሪካዊ ሆነው በፊሊፒንስ ያደጉ፣ በሊጉ ታሪክ ከማንም በላይ ዋንጫ የሰበሰቡ ሰው ናቸው። ተጫዋቹን ሌላ ቡድን እንደሚያደርገው በየዓመቱ ከመለዋወጥ ይልቅ ደጋግመው ማስመጣታቸው ለኋላው ታሪክ መሠረት ጥሏል።

ዜግነት ያገኘው በየትኛው ሕግ ነው?

በፊሊፒንስ አንድ የውጭ ሰው ዜጋ የሚሆንባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በ1939 በወጣው ሕግ መሠረት በፍርድ ቤት የሚሄደው ሲሆን፣ በመደበኛው አሠራር አሥር ዓመት ሳያቋርጡ በአገሪቱ መኖርን ይጠይቃል። ሁለተኛው አስተዳደራዊ ነው፤ እርሱም በዚያው አገር ተወልደው ላደጉ የውጭ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ሦስተኛው የምክር ቤት መንገድ ሲሆን፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች ስለ አንድ ግለሰብ ብቻ የሚናገር አዋጅ አውጥተው ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይልካሉ። ስፖርተኞች የሚያልፉት በዚህ በር ነው። ከብራውንሊ በፊት ማርከስ ዱቲትና አንድሬ ብላች፣ በ2021 ደግሞ የኮትዲቯር ተወላጁ አንዥ ኩዋሜ በዚሁ መንገድ ዜግነት አግኝተዋል።

የብራውንሊ አዋጅ ሪፐብሊክ አክት ቁጥር 11937 ይባላል፤ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ትንሹ የፈረሙበት ጃንዋሪ 12 ቀን 2023 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 15፣ ሂኔብራ መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ካደረገው ተጋባዥ ቡድን ከቤይ ኤሪያ ድራገንስ ጋር የኮሚሽነርስ ካፕ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታውን በፊሊፒን አሬና አደረገ። ስታዲየም የገባው ሕዝብ 54,589 ሲሆን፣ ይህም የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ሂኔብራ 114 ለ 99 አሸነፈ፤ ብራውንሊም 34 ነጥብ አስቆጠረ። በማግስቱ ቃለ መሐላውን ፈጸመ። አዋጁ ተፈርሞለት፣ መሐላው ግን ቀርቶት፣ በውጭ ተጫዋችነት ቦታ ዋንጫ ያነሣባት ያች ምሽት በታሪኩ ውስጥ ልዩ ሥፍራ ይገባታል ብለን እናምናለን።

ዜግነቱ ሙሉ ነው? ገደብስ አለበት?

በአብዛኛው ሙሉ ነው፤ የመኖር፣ የመሥራትና ንብረት የማፍራት መብቱ እንደ ማንኛውም ዜጋ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ግን ፕሬዚዳንት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች አባል ወይም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ መሆን የሚችለው በትውልድ ፊሊፒናዊ የሆነ ሰው ብቻ ነው። በአሜሪካ በኩል ያለውን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ሕግ ዜጋው የሌላ አገር ዜግነት ስለተቀበለ ብቻ የቀድሞውን አይነጥቀውም።

ዜጋ ከሆነ በኋላ ሊጉ ለምን አሁንም የውጭ ተጫዋች ይለዋል?

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ፓስፖርቱ ፊሊፒናዊ ነው ይላል፤ ፒቢኤ ግን የአገር ውስጥ ተጫዋች ብሎ የሚመዘግበው በዘር ሐረጉ ፊሊፒናዊ የሆነውን ስለሆነ፣ ብራውንሊ ዛሬም ለሂኔብራ የሚሰለፈው በአንዷ የውጭ ተጫዋች ቦታ ላይ ነው። በፊሊፒን ካፕም አይጫወትም።

የሊጉ ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ብራውንሊ የአገር ውስጥ ተጫዋች ተብሎ ቢመዘገብ ሂኔብራ በእርሱ ላይ ሌላ የውጭ ተጫዋች ጨምሮ ሁለት አሜሪካውያንን በአንድ ጊዜ ማሰለፍ ይችል ነበር፤ ያኔ ሌሎቹም ኩባንያዎች የየራሳቸውን ሰው ዜጋ ለማድረግ ወደ ምክር ቤት በር መሮጣቸው አይቀርም። የሆነ ሆኖ መንግሥት ልጄ ያለውን ሰው ሊጉ እንግዳ ማለቱ ለሰሚ ደስ አይልም። በእኛ እምነት ሊጉ ደንቡን ማስጠበቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመት ያገለገለና በሕግ ዜጋ የሆነ ተጫዋችን የሚመለከት የተለየ ምድብ ማበጀት ይቻል ነበር።

በብሔራዊ ቡድንስ እንደ ማንኛውም ፊሊፒናዊ ይቆጠራል?

እዚያም አይቆጠርም። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ አንድ ብሔራዊ ቡድን ከ16 ዓመቱ በኋላ ዜግነት ካገኘ ተጫዋች ማሰለፍ የሚችለው አንድ ብቻ ነው ይላል። ይህ ደንብ እናቱ ፊሊፒናዊት የሆነችውን የኤንቢኤ ተጫዋች ጆርዳን ክላርክሰንን ሳይቀር ነክቶታል፤ ክላርክሰን ፓስፖርቱን ያወጣው ከ16 ዓመቱ በኋላ በመሆኑ ደም ቢኖረውም በዚያችው አንዲት ቦታ ይገባል። ስለዚህ ፊሊፒንስ ከጃፓንና ከኢንዶኔዥያ ጋር ባዘጋጀችው የ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ቦታው ለክላርክሰን ተሰጥቶ ብራውንሊ አልተሰለፈም። በሊጉም በብሔራዊ ቡድኑም ያለችው አንድ ወንበር ናት፤ ዜግነቱ ወንበሯን አስገኘችለት እንጂ ሁለተኛ አልጨመረችለትም።

ለብሔራዊ ቡድኑ ምን አስገኘ?

ጊላስ ፒሊፒናስ በሚባለው ብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው ፌብሩዋሪ 2023 ከሊባኖስ ጋር ሲሆን፣ ቡድኑም አሸንፏል። በሜይ ፕኖም ፔን ላይ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች አዘጋጇ ካምቦዲያ ዜግነት የሰጠቻቸውን በርካታ አሜሪካውያን አሰልፋ በምድብ ጨዋታ ፊሊፒንስን አሸነፈች፤ በፍጻሜው ግን ፊሊፒንስ 80 ለ 69 ረትታ ወርቁን ወሰደች።

ከሁሉ የሚበልጠው በዚያው ዓመት በቻይና ሃንግዡ የተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ነው። ፊሊፒንስ ከ1951 እስከ 1962 አራት ጊዜ በተከታታይ ወርቅ ካገኘች በኋላ ለ61 ዓመት ባዶ እጇን ቆይታ ነበር። ቡድኑ ለውድድሩ የተዘጋጀው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ከዓለም ዋንጫው በኋላ አሠልጣኙ ተቀይረው ኃላፊነቱን የተረከቡት ቲም ኮን ነበሩ፤ በምድቡም በዮርዳኖስ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። በሩብ ፍጻሜ ኢራንን በአንድ ነጥብ አለፈ። በግማሽ ፍጻሜ ከአዘጋጇ ከቻይና ጋር በራሷ ደጋፊ ፊት ሲጫወት እስከ 20 ነጥብ ተመርቶ ሳለ ቀስ በቀስ ተጠጋ፤ በመጨረሻው ደቂቃ ብራውንሊ ሁለት ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶችን አከታትሎ አስገብቶ ጨዋታው 77 ለ 76 ተጠናቀቀ። ብቻውን 33 ነጥብ አስቆጥሯል። ኦክቶበር 6 በተደረገው ፍጻሜ ዮርዳኖስ 70 ለ 60 ተሸነፈች።

በዚያ ፍጻሜ ዮርዳኖስን ወክሎ የተጫወተው ሮንዴ ሆሊስ ጄፈርሰን እርሱም ዜግነት የተሰጠው አሜሪካዊ ነው፤ በማኒላ ደግሞ የቲኤንቲ የውጭ ተጫዋች ነበር። በኤፕሪል 2023 የገቨርነርስ ካፕ ፍጻሜ ሂኔብራን ያሸነፈው ይኸው ሰው ይጫወትበት የነበረው ቲኤንቲ ሲሆን፣ በ2024 የገቨርነርስ ካፕና በ2025 የኮሚሽነርስ ካፕ ፍጻሜዎችም ቲኤንቲ ሂኔብራን ደግሞ ደጋግሞ አሸንፏል። ሁለት አሜሪካውያን በአንድ ሊግ እየተፎካከሩ የሁለት እስያዊ አገሮችን መለያ ለብሰው ለወርቅ መገናኘታቸው የዘመኑን የቅርጫት ኳስ መልክ በደንብ ያሳያል።

ከዚያ ወዲህ፣ በጁላይ 2024 በሪጋ በኦሊምፒክ ማጣሪያ ላትቪያን 89 ለ 80 ሲያሸንፉ ብራውንሊ 26 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ፊሊፒንስ የአውሮፓ ቡድን ስታሸንፍ ከ1960 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። በኖቬምበር ደግሞ ኒውዚላንድን 93 ለ 89 ረትተዋል።

በአበረታች መድኃኒት ምርመራ ተይዟል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከሃንግዡ ፍጻሜ በማግስቱ በሰጠው ናሙና ከካናቢስ የሚመጣ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኝቶበታል። ሁለተኛው ናሙና እንዲመረመርለት አልጠየቀም። ፊባ ሦስት ወር አግዶታል፤ ቅጣቱ አጭር የሆነው የፀረ አበረታች መድኃኒት ደንቡ ይህን መሰሉን ንጥረ ነገር፣ ብቃት ለመጨመር እስካልተወሰደ ድረስ፣ ለይቶ ስለሚያይ ነው። የፊሊፒንስ ወርቅ አልተነጠቀም፤ እርሱም በፌብሩዋሪ 2024 ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ተመልሷል። ደጋፊው ይቅር ብሎታል፤ ጥፋቱ ግን ጥፋት መሆኑ አይካድም።

የእርሱ ታሪክ ለሌላ አገር ከሚሮጡት ኢትዮጵያውያን ተወላጆች ታሪክ ጋር ይመሳሰላል?

በከፊል ብቻ። በአርሲ ዘነበች ቶላ ተብላ ተወልዳ ማርያም ዩሱፍ ጀማል በሚል ስም ለባሕሬን የሮጠችው አትሌት በ2007 እና በ2009 በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በእንዲህ ዓይነቱ ዝውውር አብዛኛውን ጊዜ ዜግነቱ ይቀድማል፣ ከአገሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይከተላል። የብራውንሊ በተቃራኒው ነው፤ ፓስፖርቱ የመጣው ሕዝቡ ለስድስት ዓመት በሜዳ ካየው በኋላ ነው። ሲፋን ሐሰንን በዚህ ረድፍ ማስገባት ደግሞ ጨርሶ ስሕተት ነው፤ እርሷ በታዳጊነቷ በ2008 በስደተኛነት ኔዘርላንድስ ገብታ እዚያው ያደገች አትሌት ናት።

ደንቦቹም ይለያያሉ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2017 ዝውውሩን በሙሉ ካገደ በኋላ በ2018 ባወጣው ደንብ ሦስት ዓመት መጠበቅን ግድ አደረገ፤ ከ20 ዓመት በታች ላሉትም ከለከለ። ፊባ ግን የሚቆጣጠረው የጥበቃ ዘመንን ሳይሆን ቁጥርን ነው፤ አንዲት ወንበር ብቻ።

የኢትዮጵያ ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ዜግነት ይሰጣል?

በሩ አለ። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የውጭ ሰው በሕግ ዜግነት ለማግኘት ከሚያሟላቸው ነገሮች መካከል ቢያንስ አራት ዓመት በአገሪቱ መኖርንና ከብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻልን ይጠይቃል። ለኢትዮጵያ ጥቅም ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደረገ የውጭ ሰው ግን እነዚህን ሁለቱን ሳያሟላ ዜግነት ሊሰጠው እንደሚችል አዋጁ በልዩ ድንጋጌ ይፈቅዳል። ልዩነቱ ሌላ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትቀበል አመልካቹ የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቅ ይኖርበታል። ለአንድ አሜሪካዊ ተጫዋች ይህ ከቋንቋውም ከነዋሪነቱም የከበደ ጥያቄ ነው።

እርሱ ሲያቆም ማን ይተካዋል?

ብራውንሊ በኦገስት 2025 በጅዳ በተካሄደው የእስያ ዋንጫ የተጫወተው በ37 ዓመቱ ነው፤ ፊሊፒንስ በሩብ ፍጻሜ በአውስትራሊያ 84 ለ 60 ተሸንፋ ወጥታለች። አንዥ ኩዋሜ በዕድሜ ከእርሱ ያነሰና ከቁመቱም የረዘመ ቢሆንም፣ ሁለቱ በአንድ የፊባ ጨዋታ አብረው መሰለፍ አይችሉም። ምክር ቤቱ ነገ ሌላ ረጅም አሜሪካዊ ዜጋ ቢያደርግም አሠልጣኙ ከዜጎቹ አንዱን መርጦ ሌሎቹን ከተመልካች ጋር ማስቀመጥ ይኖርበታል።